ልብሱ አንድ ትንፋሽ ሲቀረው

ሰሞኑን ጎረቤቴ ጄኔሬተር አስነስታ ነበር። በአጠገቡ ሳልፍ፣ ሳላስበው፣ የእጄን ጀርባ ወደ ጢስ ማውጫው አስጠጋሁ። ጎረቤቴ አይታኝ በሳቅ ፈረሰች። "እትዬ ሙሉነሽ፣ እሱ እኮ ልብስ አያደርቅም!" አለችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ምን ላድርግ? እኔ ሥራ ካቆምኩ ቆየሁ፤ እጄ ግን ገና አልሰማም።

ካርቱም ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ልብስ አድርቄያለሁ። አጥቤ አይደለም፣ ተኩሼም አይደለም፤ በማሽን አድርቄ። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ አይጠፋም። "በዚህ ፀሐይ? እዚህ አገር ልብስ ለማድረቅ ደመወዝ ይከፈላል?" ይሉኛል። ይከፈላል እንጂ! እንዲህ የሚለው ሐቡብ የሚሉትን የአቧራ ማዕበል ያላየ ሰው ነው። የሆቴል አንሶላ በሙሉ ገመድ ላይ አስጥቶ፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ሲቀላ ያየ ሰው፣ ማሽኑ ለምን እንደተገዛ አይጠይቅም።

ጡረታ የወጣሁት በደብዳቤ አይደለም። ያስወጣኝ ጦርነቱ ነው። ከተማው ሲታመስ እንደ ሌላው ሰው ወደ ገዳሪፍ ሸሸሁ፤ ነገሩ ረገብ ሲል ተመለስኩ። አርካዊት ሰፈር ሄጄ የሠራሁበትን መግሰላ፣ የልብስ ማጠቢያ ቤቱን፣ ሳየው ማሽኖቹ ተነቅለው ተወስደዋል። የቀረው የማድረቂያው ቱቦ ይወጣበት የነበረው ክብ ቀዳዳ ነው። በቀዳዳው ሰማይ ይታያል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለማሽኑ አልነበረም። አም ኢድሪስ ለሚባሉ ሰው ነው። ማሽኑን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በእኔ ጥፋት ከማሽኑ የተነሱትም እሳቸው፤ በቦታቸው የገባሁት ደግሞ እኔ። "ጥፋቱ የእኔ ነበር" የምትለዋን አንዲት ነገር ሳልነግራቸው አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ሠርተን፣ ጦርነቱ ለያየን። በሕይወት መኖራቸውን እንኳ አላውቅም ነበር።

ወደ መጀመሪያው ልመለስ። ከጎንደር በመተማ ወጥቼ ካርቱም ስገባ ሥራዬ የቤት ሥራ ነበር። እመቤቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን ሰባት ልጅ ነበራት፣ ሰባቱም አፈር ላይ የሚንከባለሉ። ጣቶቼ በሳሙና ተላላጡ። ከዚያ አንዲት የአገሬ ልጅ አንድ ሆቴል ልብስ ክፍል አስገባችኝ። የዚያ ክፍል አለቃ ሰዓት እንጂ ልብስ አያይም ነበር። አንሶላም ይሁን ፎጣ፣ ብዙም ይሁን ትንሽ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ በትልቁ እሳት! ፎጣው እንደ ቋንጣ ደርቆ ይወጣል፣ የአንሶላው ጫፍ ይወይባል፣ እንግዳው ያማርራል፣ አለቃችን ሳሙናውን ይሳደባል። እኔም ማድረቅ ማለት ይኸው ነው ብዬ አምኜ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

ሦስተኛው ቤት የሐጂ ነበር፤ አርካዊት ያለው። ሐጂ የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ቁጡ ግን ሐቀኛ። ደመወዙ እዚህ ግባ የሚባል ባይሆንም ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ እሳቸው ነበሩ የሚያሳድሱልኝ። ወረቀቱ መሳቢያቸው ውስጥ ይቀመጣል። በሰው አገር ለኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም።

አም ኢድሪስን ያገኘሁት እዚያ ነው። አም ማለት አጎት ማለት ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ይጠራቸዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጀለቢያቸው ሁልጊዜ ከበረዶ የነጣ፣ ከሸንዲ በኩል የመጡ ሰው ናቸው። "ሙሉነሽ" ማለት አቃታቸውና ገና በመጀመሪያው ቀን "ሙና" ብለው ገላገሉኝ። ማሽኑን ለመንካት እጄን ስዘረጋ ያዙኝ።

"አዝራሩን ተዪው። እጅሽን አምጪ። መዳፍሽን አይደለም፣ ጀርባውን።" የእጄን ጀርባ ሞቃቱ አየር ወደሚወጣበት ቱቦ አስጠጉት። "ምን ይላል?"

"ለብ ብሏል።"

"እሳቱስ?"

"ይነዳል።"

"ታዲያ ሙቀቱ የት ሄደ?"

ሆቴል ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።

"ውሃው እየበላው ነው፣ ያ ቢቲ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ልብሱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ቱቦው ለብ እንዳለ ይቆያል። ውሃው ሊያልቅ ሲል ሙቀቱ የሚበላው ያጣና ወደ ቱቦው ይሮጣል። ያን ጊዜ እሳቱን ካላጠፋሽ የምታቃጥዪው የሐጂን ጋዝና የሰው ልብስ ነው።"

ለምን የእጅ ጀርባ ቢሏቸው፣ "መዳፍ ብዙ ሥራ አይቶ ደንዝዟል፤ ይዋሻል" ይላሉ። ማሽኑ ላይ የሙቀት መለኪያ ነበረ፤ እሳቸው መጀመሪያ በእጃቸው ይገምታሉ፣ ከዚያ መርፌውን ያያሉ። ሲገጥምላቸው ምንም አይሉም። ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ "መርፌው ዛሬ ምን ሆኗል?" ይላሉ። መቼም እጃቸው ተሳስቶ አያውቅማ!

ከዚያ ጉንጭ አለ። ልብሱ የሚዞርበትን የማሽኑን ከበሮ ያቆሙና ከመካከል አንድ ፎጣ መዘው፣ እጥፋቱንና ስፌቱን ፈልገው፣ ጉንጫቸው ላይ ያደርጉታል። ስፌት መጨረሻ ነው የሚደርቀው። "አንድ ትንፋሽ ሲቀረው እሳቱን አጥፊ" ይሉኝ ነበር። መስታወት ላይ ስትተነፍሺ የምትቀረዋ እርጥበት፣ ያችን ያህል። ያችን ማሽኑ እሳቱ ጠፍቶ በቀዝቃዛ አየር ሲዞር ልብሱ ራሱ በያዘው ሙቀት ይጨርሳታል። ፎጣው ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፣ አንሶላው ለካውያ ይታዘዛል፣ የጋዙም ሲሊንደር ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ቀን ይቆያል። ሐጂ ይህን ሲያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ ብለው አም ኢድሪስ ነገሩኝ።

ወፍራሙን ከቀጭኑ አትቀላቅዪ። ከበሮውን ጢም አድርገሽ አትሙዪ፣ ልብሱ የሚወድቅበት ቦታ ይፈልጋል። የወንፊቱን የጥጥ ብናኝ በየሁለት ዙሩ ጥረጊ፣ ያልተነፈሰ ማሽን አያደርቅም። ሐቡብ ሲመጣ የአየር መግቢያውን ዝጊና ቁጭ በይ። ይህን ሁሉ ቀስ በቀስ ለመድኩት። አንዱን ግን እንደ ሕግ ነበር የሚሉት፦ ትኩስ ልብስ አይታጠፍም፣ አይከመርም። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ያለችው የማቀዝቀዣ ጊዜ "የልብሱ ዕረፍት" ነው የሚሏት። ሣጥን ገልብጠው ይቀመጡና ሻያቸውን የሚጠጡት ያን ጊዜ ነው። ረመዳን ከሆነ ደግሞ ሻዩን ለእኔ አስመጥተው እሳቸው ያዩኛል። የእኔን ጾምም ከእኔ ይልቅ ያስታውሱ ነበር፤ "ዛሬ ረቡዕ አይደል? ወተቱን መልሺው" ይሉኛል።

አማርኛ ላስተምራቸው ሞክሬ የያዙልኝ አንድ ነገር ነው። ሥራ ሲበዛና ስንቀዠቀዥ እኔው ለራሴ "ቀስ በይ" ስል ሰምተው ወሰዷት። ለእኔ "ቀስ በይ"፣ ለማሽኑም "ቀስ በይ"፣ መንገድ ላይ ለሚሮጠው ረክሻ ነጂም "ቀስ በይ"። ወንድ ነው ብላቸውም አልሰሙኝም። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሰው ደስ ሲለው መቼ ያውቀዋል!

አሁን ወደማልወደው ቀን ልግባ።

ታኅሣሥ ነበር፤ ካርቱም ቀዝቀዝ ሲል ሠርግ ይበዛል። አንድ የሙሽራ ቤት በጥዋት ልብስ ላከ፤ ወፋፍራም ፎጣና የጥጥ አንሶላ። የሱዳን ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ገላዋ ድልካ በሚሉት የሽቱ ሊጥ ይታሻል፣ በከርካር ይቀባል። ከርካር ከስብና ከዘይት የሚሠራ ሽቱ ቅባት ነው፤ ጨርቅ ላይ ከገባ በአንድ እጥበት አይወጣም። የሙሽራዋ እናት ራሳቸው አብረው መጥተው ነበር። በእጃቸው ደግሞ ለብቻው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ፊርካ ይዘዋል። ፊርካ ሙሽራ ጅርቲግ በሚሉት የሠርግ ሥርዓት ቀን የምትለብሰው ቀይ የሐር ኩታ ነው፤ ያኛው ከአያትየው ሠርግ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነበር። "በእንፋሎት ብቻ አለስልሱልኝ፣ ከሰዓት እወስደዋለሁ" ብለው ለአም ኢድሪስ ሰጡ። አም ኢድሪስ ከማሽኑ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ልብሱን ለይተው ወደ እጥበት የሰደዱትም እሳቸው ነበሩ።

በማግስቱ ገብርኤል ነው። ልቤ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። ሳጃና ሰፈር ያለች አንዲት ጓደኛዬ ጸጉሬን ልትሠራኝ እየጠበቀችኝ ነው። አም ኢድሪስ ዐስር ለሚባለው የከሰዓት ሶላት ወጡ። ፎጣዎቹ እሳታቸው ጠፍቶ በቀዝቃዛ አየር መዞር የጀመሩት ገና ያኔ ነው። እኔም በጉንጬ ነካሁት፦ ደርቋል። ከዚህ በላይ ምን ልጠብቅ? ማሽኑን አቆምኩ፣ ፎጣውን እንደ ጋለ አወጣሁት፣ ቅርጫቱ ውስጥ ጠቅጥቄ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ቅርጫቱን ከመደርደሪያው ሥር አስጠጋሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ያገሬ ሰው። እኔ የለቀምኩት አመድ ነው።

ልሄድ ነጠላዬን ሳነሳ ደንበኛ መጣና ቆየሁ፤ አንድ ሰዓት አለፈ ይሆናል። መጀመሪያ ሽታ መጣ፤ የሚጣፍጥ ሽታ፣ የሠርግ ቤት ሽታ። ከዚያ ጢስ። ዘይት ያለበት ጥጥ ትኩሱን ከታፈነ በራሱ እየጋለ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ግን አላውቅም። ክዳኑን ብድግ ሳደርገው አየር አገኘና ቦግ አለ! እጄን ሰድጄ የላዩን ፎጣ ልጎትት ስል ግራ እጄ እስከ አንጓዬ ተላጠ። አም ኢድሪስ እየሮጡ መጥተው በውሃና በእርጥብ ብርድ ልብስ አጠፉት። ማሽኑ ተረፈ። ቤቱ ተረፈ። መደርደሪያው አልተረፈም።

የሙሽራዋ እናት ሲመጡ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። የፊርካውን ቁራጭ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ፣ ተቀብለው እርጥብ መሬት ላይ ቁጭ አሉና በጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። "የእናቴ እጅ ነክቶት ነበር" አሉ።

ሐጂ መጡ። "ማን ነው?" አሉ። አፌን ከፈትኩ። ኢቃማዬ መሳቢያቸው ውስጥ መኖሩ ትዝ አለኝ። እናቴ ትዝ አለችኝ፣ የምልክላትን የምትጠብቀው። ያን ያህል ጊዜ፣ የዓይን ጥቅሻ ያህል፣ ዘገየሁ። አም ኢድሪስ ቀደሙኝ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሐጂ" አሉ።

ከማግስቱ ጀምሮ አም ኢድሪስ ከማሽኑ ተነስተው ፊት ለፊት ክፍል ልብስ አጣፊ ሆኑ። ማሽኑ ለእኔ ተሰጠ። ለእኔ! እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ ሣጥናቸው ላይ ተቀመጥኩ።

ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት ሆነ። ለእኔ ብለው ነው ጥፋቱን የተሸከሙት፤ ይህን አውቄያለሁ። እንዲያው ምን ብዬ ልጀምር? ሆድ ይፍጀው አልኩ። ፈጀው እንጂ! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እንቅልፍም አይገባም ለካ። ከዚያ ወዲህ አንድም ትኩስ ልብስ ከእጄ አልወጣም። ቅባት የሸተተኝን ሁሉ መልሼ ወደ እጥበት እልካለሁ። ሥራዬን ያየ "ኢድሪስን ትመስላለች" ይላል፤ በተባለ ቁጥር ያመኛል።

እሳቸው በየጥዋቱ ወደ ማሽን ክፍሉ ብቅ ይሉ ነበር። "ሰባሕ አልኸይር፣ ሙና" ይላሉ። የእጃቸውን ጀርባ ወደ ቱቦው ያስጠጋሉ። ዓይናቸው እጄ ላይ ትንሽ ያርፋል። ከዚያ ይሄዳሉ። ሥራዬን የሚመረምሩ ይመስለኝና ጠባሳዬን ከሽርጤ ሥር እደብቃለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ሆነ። ጦርነቱ የጀመረ ዕለት ማናችንም ሥራ አልገባንም። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

እንግዲህ ያን ቀዳዳ እያየሁ ሳለቅስ፣ ድሮ ከበራችን ሥር የምትቀመጠው ሻይ ሻጭ ተመልሳ ኖሮ አየችኝ። ሐጂ ካይሮ እንደቀሩ ነገረችኝ። "ኢድሪስስ?" አልኳት።

"አም ኢድሪስ? ሶባ፣ ሴት ልጁ ቤት ነው። ዓይኑ ደክሟል እንጂ አለ።"

አለ! በማግስቱ ሶባ በሚሄደው ሐፍላ ተሳፈርኩ። ሚኒባሱ በየኬላው ይቆማል፣ መንገዱ አያልቅም፤ እኔ ደግሞ የምለውን እንደ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ቤቱ ስደርስ ልጃቸው ሃጀር ከፈተችልኝ። ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ አንድ ነጭ ጀለቢያ ተሰጥቷል። አም ኢድሪስ ጥላ ሥር አንገሬብ ላይ፣ በዚያ በገመድ በተጠለፈው አልጋ ላይ፣ ተቀምጠዋል። እንዴት ከስተዋል!

"ማን ነው?" አሉ ፊታቸውን ወደ እግሬ ኮቴ አዙረው።

"ሙና ነኝ።"

እጃቸውን ዘረጉ። ሰላምታው አላልቅ አለ፤ ጤና፣ ቤተሰብ፣ ገዳሪፍ፣ የሞተ፣ የተረፈ። ልጅቷ ሻይ ልታፈላ ስትገባ፣ አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩ።

"አም ኢድሪስ፣ ያን ቀን ፎጣውን በትኩሱ ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ። "እኔ ሶላት ላይ ነበርኩ። ሌላ ማን ሊያወጣው?"

"ታዲያ ያንን ሁሉ ዓመት ለእኔ ብለው ተሸከሙ። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ..."

"ለአንቺ?" ግንባራቸው ተኮማተረ። "ላ ወላሂ! የእኔ ስለነበረ ነው እንጂ።"

አልገባኝም።

"ጥዋት ልብሱን ስለይ ከርካሩ ሸቶኝ ነበር" አሉ። "እንደዚያ ያለ ልብስ እሳት አይገባም፤ ሁለቴ ይታጠባል፣ ጥላ ሥር ይሰጣል። ይህን ለአንቺ አላስተማርኩሽም፤ ገና ነሽ ብዬ ነበር። ሴትየዋ 'ለዛሬ አድርሱልኝ' እያሉ ይለምኑኛል። ፎጣውን ደግሞ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው... የሃጀር እናት ሙሽራ ሆና ቤቴ የገባችበት ቀን ሸተተኝ። በሞተች በዓመቷ ነበር። እንደ ጅል ቆሜ አሸተትኩ። ከዚያ 'ይሁን፣ ይግባ' አልኩ። ለአንቺ ሳልነግርሽ ሶላት ሄድኩ። ብነግርሽ ኖሮ በትኩሱ ታወጪው ነበር?"

"አላወጣም ነበር።"

"ኸላስ፣ በቃ። እጅሽ የተቃጠለው በእኔ ነው።" እጃቸው አንገሬቡ ላይ እየዳበሰ የእኔን ግራ እጅ አገኘና ጠባሳውን በጀርባው ነካው። "በየጥዋቱ የምመጣው ቱቦውን ለማየት ይመስልሽ ነበር? ቱቦውንማ አንቺ ታውቂዋለሽ። እጅሽን ለማየት ነበር። 'ዛሬ ይቅር ትለኝ ይሆናል' እላለሁ። አንቺ እጅሽን ትደብቂብኛለሽ። ተቀይማኛለች አልኩ።"

ኧረ በእመቤቴ! ልስቅ ነው፣ ላለቅስ ነው፣ እኔው አላወቅሁትም፤ ሁለቱንም አደረግሁ። እሳቸውም ዓይናቸውን በጀለቢያቸው እጅጌ ጠረጉ። አንድ ግድግዳ ለያይቶን፣ እሳቸው ከወዲያ እኔ ከወዲህ፣ አንዳችን የአንዳችንን ይቅርታ ስንጠብቅ ዕድሜያችንን ጨረስን። ያን ማሽን ቤት፣ ያችን ሣጥን፣ እነዚያን ጥዋቶች በናፈቅሁ ቁጥር አሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው።

"ይቅር ብዬዎታለሁ" አልኳቸው። "እርስዎስ?"

"እኔማ ያኔውኑ።"

ሻዩን ጠጣን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ሐፍላው እንዳያመልጠኝ ብዬ ነጠላዬን ሳስተካክል፣ ጆሮአቸውን ቀና አደረጉ።

"ሙና፣ የዚያ ጀለቢያ ነገር እንዴት ነው? ሃጀር ሁልጊዜ ደርቋል ትለኛለች። እጄ እንደ ድሮው አይነግረኝም።"

እሳቸው ናቸው እኔን የሚጠይቁኝ! ተነስቼ ወደ ገመዱ ሄድኩ። የብብቱን ስፌት ፈልጌ ጉንጬ ላይ አደረግሁት። ጊዜ ወሰድኩ።

"አንድ ትንፋሽ ይቀረዋል" አልኩ።

አም ኢድሪስ ፈገግ አሉና አንገሬቡ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

"እንግዲያስ ቀስ በይ" አሉኝ፣ በአማርኛ።

ነጠላዬን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።